አንድ ገጽ ስንት ደቂቃ ይይዛል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ጅማ ውስጥ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራ፣ በትርፍ ጊዜዋ የምትሥል ወጣት ናት። «ጋሼ፣ ቤታችን ቆጥ ላይ ከቆየ ካርቶን ውስጥ ያረጁ የእንግሊዝኛ ኮሚኮች፣ በተከታታይ ሥዕል የሚተረኩ መጽሔቶች፣ አገኘሁ። አንዱን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ታሪኩ ግን እንደ እብድ ይሮጣል። የአጎቴ ልጅ በስልክ የላከልኝን አዲስ ኮሚክ ደግሞ ሃያውን ገጽ በአምስት ደቂቃ ጨረስኩት፤ ምንም ነገር አልተፈጸመም። ሠዓሊዎቹ ሰነፉ ወይስ እኔ ማንበብ አልቻልኩም? የራሴንም ታሪክ ጀምሬአለሁ። አንዲት ልጅ አያቷን ተከትላ ሄርማታ ገበያ ትሄድና የቡና መሸጫውን ብር ትጥላለች። በ16 ገጽ ሊያልቅ አስቤ ነበር፤ 11ኛው ገጽ ላይ ደርሻለሁ፣ ልጅቷ ግን ገና ገበያ አልደረሰችም።»

ሰላም እህቴ። «ገና ገበያ አልደረሰችም» የሚለውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እኔም ለጤናና ለግብርና ትምህርት የሚሆኑ የሥዕል መጽሐፎችን ስሠራ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ መንገድ ላይ የቀሩ ባለታሪኮቼን ብሰበስባቸው አንድ አይሱዙ ይሞላሉ። ወደ ገበያተኛሽ እንመለስባታለን።

ሠዓሊዎቹ አልሰነፉም፤ አንቺም ማንበብ ችለሻል። እንዲያውም መልሱን ራስሽ ጽፈሽው ሳታስተውይው አልፈሻል። አሮጌው ታሪኩ ይሮጣል፣ ለማንበብ ግን ሰዓት ይፈጃል። አዲሱ ታሪኩ ያዘግማል፣ ንባቡ ግን ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ኮሚክ ውስጥ ሁለት ሰዓት አለ ማለት ነው። አንዱ ባለታሪኩ ክንድ ላይ ታስሯል፤ በሥዕሉ ዓለም ስንት ሴኮንድ ወይም ስንት ዓመት እንዳለፈ ይቆጥራል። ሌላው አንቺ ክንድ ላይ ነው፤ ዓይንሽ ገጹ ላይ ስንት ጊዜ እንደቆየ ይቆጥራል። ኮሚክ ፈጠነ ወይም ዘገየ ብለው የሚከራከሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጣሉት አንዱ አንዱን ሰዓት፣ ሌላው ሌላውን እያየ ስለሆነ ነው። ላለፉት ሰማንያ ምናምን ዓመታት ሁለቱ ሰዓቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄዱ ኖረዋል።

ምክንያቱ የጥበብ ሰዎች ስሜት መለዋወጥ ብቻ አይደለም። እኔ እንደማየው ፍጥነቱን የወሰኑት በጣም ተራ የሆኑ ነገሮች ናቸው፤ አንድ ገጽ ስንት ያወጣል፣ የሚቀጥለው ክፍል አንባቢው እጅ መቼ ይደርሳል፣ ይደርሳል ተብሎስ ይታመናል ወይ? ቀኑን ሙሉ የገጽ ዋጋ ስትቆጥሪ ስለምትውዪ ይህን ከብዙ የሥነ ጥበብ ተማሪ ይልቅ አንቺ ትረጂዋለሽ።

ቃላት ላይ እንስማማ። አንዷን ሥዕል የሚከብበውን ክፈፍ «ሳጥን» እላለሁ፣ ንግግር የሚጻፍበትን «ፊኛ»፣ ሐሳብ የሚጻፍበትን «ደመና»፣ የመጽሔቱን እያንዳንዱን ዕትም ደግሞ «ቁጥር»። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ1938 እንጀምር። ሱፐርማን የተወለደበት «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ዋጋው 10 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። 64 ገጽ ገደማ ነበረው፤ ውስጡ የሱፐርማን ብቻ ሳይሆን የሌሎችም ብዙ ታሪኮች ታጭቀዋል። ለሱፐርማን የደረሰው 13 ገጽ ነው። ጄሪ ሲግል ጽፎ ጆ ሹስተር በሣለው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ብቻ ፕላኔት ይጠፋል፣ አንድ ሳይንቲስት ሕፃን ልጁን በመንኮራኩር ይልካል፣ መኪና የሚነዳ መንገደኛ ሕፃኑን ያገኘዋል፣ ሕፃኑ ማሳደጊያ ይገባል፣ ያድጋል፣ ፎቅ ይዘላል፣ ፈጣን ባቡር ይቀድማል፣ ጉልበቱን ለተጨቆኑ ለማዋል ይወስናል። ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ ጉንዳንና ፌንጣ በምሳሌነት ቀርበው ጉልበቱ ከየት እንደመጣ ይብራራል። በቀሩት 12 ገጾች ያለ ጥፋቷ ሞት የተፈረደባትን ሴት ያስጥላል፣ ሚስቱን የሚደበድብ ባል ይቀጣል፣ መኪና ይሸከማል፣ የአንድ ምክር ቤት አባልን ጉዳይ ለመከታተል ዋሽንግተን ይገባል።

የዚህ ሩጫ አንዱ ምክንያት መቀስ ነው። ሁለቱ ወጣቶች ታሪኩን መጀመሪያ ያዘጋጁት ለጋዜጣ፣ በቀን አንድ ተርታ ሆኖ እንዲወጣ ነበር። ለመጽሔት ሲፈለግ ሥዕሉን ቆራርጠው ገጽ ላይ ለጠፉት፤ ሲቆራርጡ ደግሞ የወደቀ ነገር አይጠፋም። ሌላው ምክንያት የጋዜጣ መሸጫው ነው። ኮሚኩ የሚሸጠው ከጋዜጣና ከከረሜላ ጋር ነበር። አንድ ልጅ 10 ሳንቲም ይዞ ይመጣል፤ በሚቀጥለው ወር ይምጣ አይምጣ፣ ቁጥሩ እዚያ ሱቅ ይድረስ አይድረስ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ደራሲው እያንዳንዱን ቁጥር ለልጁ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም እንደሆነ አድርጎ ይጽፋል። እንግዳ ነገ እንደማይመለስ ካወቅሽ ያለሽን ሁሉ ዛሬ ነው የምታቀርቢለት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወረቀት በራሽን ሆነ። 64 የነበረው ገጽ ወደ 52፣ እየቆየም ወደ 32 ወረደ፤ ዋጋው ግን እስከ 1960ዎቹ መባቻ ድረስ 10 ሳንቲም ነበር። አንባቢ ዋጋ ሲጨመርበት ይጮኻል፣ ገጽ ሲቀነስበት ዝም ይላል። እናንተ ሱቅ ይህ ዘዴ ይሠራ እንደሆነ ንገሪኝ።

የተረጋገጠ አንባቢ ያለው ሠዓሊ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ዊል አይስነርን ተመልከቺ። ከ1940 ጀምሮ «ስፒሪት» የተባለው ሥራው የሚወጣው ከእሑድ ጋዜጣ ጋር ተያይዞ ነበር፤ ጋዜጣውን የገዛ ሁሉ ወደደም ጠላም እጁ ይገባል። ታሪኩ 7 ገጽ ብቻ ነው። ሆኖም አይስነር ከዚያች 7 ገጽ ላይ ለዝናብ፣ ለደረጃ፣ ለጥላ ቦታ ይሰጥ ነበር። ቦታው ጠባብ ሆኖ እንኳ አይጣደፍም፤ አንባቢው እንደማያመልጠው ያውቃላ።

ከሁሉ የምወደው የመቀስ ታሪክ ግን የ1955ቱ ነው። በርናርድ ክሪግስቲን ኢሲ ለሚባለው አሳታሚ የሚሠራ ሠዓሊ ነበር። በዚያ ቤት አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ጸሐፊው ይጨርሳል፣ ጽሑፉ በባዶው ገጽ ላይ ሳጥን በሳጥን ይሰፍራል፣ ሠዓሊው በተረፈው ቦታ እንዲሥል ይሰጠዋል። ፍጥነቱን የሚወስነው ብዕሩ ነው፣ ብሩሹ ፍርፋሪ ይለቅማል። ክሪግስቲን «ማስተር ሬስ» የተባለ የ6 ገጽ ታሪክ ደረሰው። ከናዚ ማጎሪያ ካምፕ ጋር የተያያዘ ያለፈ ሕይወት ያለው ሰው፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ከምድር በታች በሚሄድ ባቡር ላይ አንድ የሚያውቀው ፊት ያያል። ሠዓሊው 12 ገጽ ይሰጠኝ ብሎ ተሟገተ፤ 8 ተፈቀደለት። ጽሑፉ የሰፈረበትን ወረቀት ቆራርጦ በ8 ገጽ ላይ እንደገና ለጠፈው።

ያገኘውን ትርፍ ቦታ ምን አደረገበት መሰለሽ? አንድም አዲስ ክንውን አልጨመረም። መጨረሻው ላይ ሰውዬው ሐዲዱ ላይ ሲወድቅ ያለችውን የዓይን ጥቅሻ የምታህል ጊዜ በቀጫጭን ሳጥኖች ሸነሸናት፤ ባቡሩ ሲያልፍ ደግሞ በመስኮቶቹ ውስጥ ያሉት ፊቶች እየተደራረቡና እየተደጋገሙ ያልፋሉ። ሱፐርማን ተወልዶ ባደገበት ስፋት ላይ እዚህ አንድ ሰው ወደቀ፣ አለቀ። ለተማሪዎቼ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳሳያቸው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገኝም። ኮሚክ ላይ ጊዜ ማለት ቦታ ነው፤ ስፋት የሰጠሽው ነገር ይረዝማል።

በ1960ዎቹ ማርቭል በተባለው አሳታሚ ቤት ነገሩ ተገለበጠ። ስታን ሊ የታሪኩን መንገድ ባጭሩ ይሰጣል፣ እንደ ጃክ ኪርቢ ያለው ሠዓሊ ገጹን እንደ ፈቀደ ከፋፍሎ ይሥላል፣ ንግግሩ በመጨረሻ ይጨመራል። ፍጥነቱ ብሩሹ እጅ ገባ። ችግሩ፣ ንግግር ጨማሪው ባዶ ቦታ ሲያይ አያስችለውም። ሥዕሉ የተናገረውን ፊኛው ይደግመዋል፣ ፊኛው ያለውን ደመናው ይደግመዋል። ግድግዳ የሚሰብር ሰው «አሁን ግድግዳውን ልሰብረው ነው» እያለ ይሰብራል። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ደግሞ የአንድ ቁጥር ታሪክ እስከ 17 ገጽ ወርዶ ነበር፤ ያው ጭነት በትንሽ ጋሪ። አንድ ሰዓት የፈጁብሽ ከእነዚህ ዘመናት እንደሆኑ እገምታለሁ።

አውሮፓን በአጭሩ ልለፈው። ቲንቲን የተባለው የቤልጅየም ኮሚክ በ1929 ሲጀምር በሳምንት 2 ገጽ ነበር የሚወጣው። ለአንድ ሳምንት የሚቀመጥ ገጽ መጨረሻው ላይ አንድ ነገር ማንጠልጠል አለበት፤ ኋላ በመጽሐፍ የተጠረዙትን ያነበበ ሰው ከገጹ ሥር የተንጠለጠለች ድንጋጤ ወይም ጥያቄ በተደጋጋሚ የሚያየው ለዚህ ነው። የመጽሐፉ ፍጥነት የቀን መቁጠሪያው ፍጥነት ነው።

ከ1970ዎቹ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ኮሚክ ብቻ የሚሸጡ ሱቆች ተስፋፉ። ሱቁ ያዘዘውን ሳይሸጥ ቢቀር አይመልስም፤ ደንበኛው ደግሞ በየሳምንቱ የሚመለስ፣ ያለፈውን ቁጥር በፕላስቲክ አሽጎ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ደራሲው ለመጀመሪያ ጊዜ «የሚቀረውን በሚቀጥለው» ለማለት ልብ አገኘ። የሐሳብ ደመናዎች እየሳሱ ሄዱ። በ1984 «ጂ አይ ጆ» የተባለው ኮሚክ ቁጥር 21 ያለ አንዲት የንግግር ፊኛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወጣ። በ1986 ደግሞ ፍራንክ ሚለር ወደ ባትማን ልጅነት ተመለሰ። የባትማን አመጣጥ በ1939 ሲነገር፣ የወላጆቹን መገደል፣ የልጁን መሐላና ያሳለፈውን ሥልጠና ጨምሮ 2 ገጽ ብቻ ነበር። ሚለር ገጹን በ16 ትናንሽ ሳጥኖች ከፍሎ የእናቲቱ የዕንቁ ሐብል ሲበጠስ፣ ዕንቁዎቹ ሲበተኑ፣ ያለ ቃል፣ አንድ በአንድ አሳየ። አንባቢው የሚሆነውን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ለዚያ ነው መዘግየቱ የሚያምመው።

1990ዎቹ ግዙፍ ሥዕል የነገሠበት ዘመን ነው፤ ብዙ አልወደውም። አንዲት ብልሃት ግን ልመስክርላት። ሱፐርማን በሚሞትበት ተከታታይ ታሪክ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ አንዱ ቁጥር በየገጹ 4 ሳጥን ነበረው፣ ቀጣዩ 3፣ ቀጣዩ 2፤ በጥር 1993 ዕትም፣ በቁጥር 75፣ እያንዳንዱ ገጽ አንድ ሥዕል ብቻ ሆነ። ሲነበብ የሚያጣድፍ፣ ሲታይ ግን እየከበደ የሚሄድ ነገር ነው።

ከዚያ አንቺ በስልክሽ ያየሽው መጣ። በ1999 ዋረን ኤሊስና ብራያን ሂች «ኦቶሪቲ» በተባለው ሥራቸው ገጹን እንደ ሲኒማ ሸራ በአግድም በሰፋፊ ሳጥኖች ከፈሉት፤ አንድ ከተማ ሲፈርስ አራት ገጽ ቢወስድ ቅር የማይላቸው ሆኑ። በ2000 ብራያን ማይክል ቤንዲስና ማርክ ባግሊ የስፓይደርማንን አመጣጥ ለአዲስ ትውልድ እንደገና ተረኩት። ስታን ሊና ስቲቭ ዲትኮ በ1962 በ11 ገጽ የጨረሱት ታሪክ ነው። በአዲሱ አተራረክ የመጀመሪያው ቅጽ 7 ቁጥር ሆነ፤ የልጁ አጎት እስኪሞት ድረስ አንባቢ ወራት ጠበቀ። ይህን አሠራር ባለሙያዎቹ መለጠጥ የሚል ትርጉም ባለው ቃል ይጠሩታል። ምክንያቱ አሁንም ሱቅ ነው። አምስት ስድስት ቁጥር ተጠርዞ መጽሐፍ ቤት መደርደሪያ ላይ መቆም ሲጀምር፣ ወርኃዊው ቁጥር ራሱን የቻለ ታሪክ መሆኑ ቀርቶ ምዕራፍ ሆነ። አንቺ ያነበብሽው 20 ገጽ ምንም ያልተፈጸመበት የመጽሐፉ አንድ ስድስተኛ ስለሆነ ነው። ልብ ወለድ ከፍተሽ ሃያ ገጽ ብቻ አንብበሽ ብትዘጊውም ስሜቱ ያው ነው። ልዩነቱ ለዚያች አንድ ስድስተኛ አሜሪካዊው አንባቢ 4 ወይም 5 ዶላር መክፈሉ ነው፤ ስለዚህ ንዴትሽ ንዴቱ ነው።

መለጠጥ ሁሉ ጥበብ ነው አልልም። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ፣ አንድ ፊት በኮምፒውተር ስድስት ጊዜ ተገልብጦ ፊኛው ብቻ የሚቀያየርባቸው ገጾች አሉ። ይህን ሥራ የአንቺ ማሽንም ይችለዋል። ሚለር ዕንቁውን ሲበትን እያንዳንዱ ሳጥን የተለየ ነገር ይነግርሻል፤ የተገለበጠው ፊት ግን የሠዓሊው ቀነ ገደብ መድረሱን ብቻ ነው የሚነግርሽ። ልዩነቱን ለማወቅ አንዱን ሳጥን በጣትሽ ሸፍኚ፤ ምንም ካልጎደለ መጀመሪያውኑ አያስፈልግም ነበር።

ጃፓኖች ሌላ መንገድ ሄዱ። ኦሳሙ ቴዙካ በ1947 ባወጣው መጽሐፍ መክፈቻ ላይ አንድ ልጅ መኪና እየነዳ ወደ ወደብ ይበራል፤ መንገዱ ብቻ ገጾችን ይወስዳል። ያ የገጽ ድሎት ኋላ በመጽሔት ሰፋ። የጃፓን ሳምንታዊ መጽሔት እንደ ስልክ ማውጫ የወፈረ፣ በርካሽ ወረቀት የሚታተም፣ ባቡር ላይ ተነቦ የሚጣል ነው። ገጽ እዚያ ውድ አይደለም፤ ውድ የሆነው የሠዓሊው እንቅልፍ ነው። የጃፓንን ኮሚክ ያጠናው ፍሬድሪክ ሾት በ1983 መጽሐፉ እንደጻፈው፣ 320 ገጽ ያለው መጽሔት በ20 ደቂቃ ይነበብ ነበር፤ ለአንድ ገጽ አራት ሴኮንድ እንኳ አይደርስም። የኮሚክን አሠራር ያጠናው ስኮት ማክላውድ በ1993 ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ያለውን ዝላይ በስድስት ዓይነት ከፍሎ ሲቆጥር፣ በጃፓን ኮሚኮች ውስጥ አንድ ዓይነት ዝላይ በዝቶ አገኘ፤ በአሜሪካውያኑ ዘንድ ፈጽሞ የሌለ ያህል ነበር። ጊዜው ሳይሄድ ዓይን ብቻ የሚሄድበት ነው። ጣሪያ፣ የሚንጠባጠብ ውኃ፣ የተዘጋ በር፣ የድመት ጅራት። ምንም አልተፈጸመም፤ ቦታው ግን ተፈጠረ። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ትምህርት አያስፈልገውም።

ስለ ስልክ አንድ ነገር ብቻ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ኮሪያውያን ዌብቱን የሚሉትን፣ ከላይ ወደ ታች በጣት የሚሳበውን አመጡ። ገጽ የለም፣ ስለዚህ መግለጥ የለም። ጊዜ የሚለካው በሁለት ሥዕሎች መካከል በተተወው ባዶ ርዝመት ነው፤ ሰው ከገደል ሲወድቅ ጣትሽም አብራው ትወርዳለች። የአጎትሽ ልጅ የላከልሽ ግን ለወረቀት የተሠራ ገጽ በስልክ የተነበበ ይመስለኛል። ገጹን በጣትሽ እያሰፋሽ ሳጥን በሳጥን ስታዪው፣ ሠዓሊው በአንድ እይታ እንዲታይ ያሰበው ስፋት ይጠፋል። ሰፊ ዝምታ የነበረው ትንሽ ባዶ ሥዕል ይሆናል።

አሁን ወደ እኛ ቤት። በጨርቅ ላይ የሚሣለውን የንግሥተ ሳባ ታሪክ አይተሽው ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ በ44 ሳጥኖች ይከፈላል። ከዘንዶው እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ መመለስ ድረስ አንድ ሳጥን አንድ ትዕይንት ነው። ከሱፐርማን የመጀመሪያ ገጽ ያላነሰ ሩጫ ነው፤ ማንም ግን ፈጠነብኝ አይልም፤ ታሪኩን ከእናቱ ሰምቶታልና ሥዕሉ የሚያስታውሰው ብቻ ነው። አሜሪካውያኑም ዞረው እዚያው መጡ። በ2005 ግራንት ሞሪሰንና ፍራንክ ኳይትሊ የሱፐርማንን አመጣጥ በአንድ ገጽ፣ በ4 ሳጥንና በ8 ቃል ጨረሱት። በ1938 ታሪኩን የማያውቅ ልጅ ነበር የሚያነበው፤ በ2005 የማያውቀው አልነበረም።

አንባቢው ያልለመደውን ሲያነብስ? ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ወባና ስለ አጎበር የሥዕል መጽሐፍ አዘዘኝ። በ12 ገጽ አዘጋጀሁት፤ በጀት የለም ተብሎ 8 ገጽ ይሁን ተባለ። እንደ ክሪግስቲን መቀስ አነሣሁ፤ እሱ የጨመረውን እኔ ቀነስኩ። ያወጣኋቸው «ምንም የማይፈጸምባቸውን» ገጾች ነበር፤ ምሽቱን፣ ልጅቷን ብርድ ብርድ ማለት የጀመረበትን፣ እናትየዋ ግንባሯን የምትዳስስበትን። የቀረው ልጅቷ ስትጫወት፣ ልጅቷ አልጋ ላይ፣ ልጅቷ ድና። ለእኔ ግልጽ ነበር። ወደ ጊቤ በኩል ባለ አንድ ቀበሌ እናቶች ተሰብስበው ሳሳያቸው፣ አንዲት ሴት በኦሮምኛ «የታመመችዋ የማን ልጅ ናት?» አለችኝ። ሌላዋ ሴትየዋ ሦስት ልጆች አሏት ብላ ታስረዳት ጀመር። በሁለት ሳጥኖች መካከል ያለው ነጭ ክፍተት አንባቢ የሚሠራበት ቦታ ነው፤ እኔ ደግሞ አንድ ሙሉ ሌሊት ወርውሬ በአንድ ጣት ስፋት ክፍተት እንዲዘሉት ጠየቅኋቸው። ሴቶቹ ምንም ጥፋት የለባቸውም። ድጋሚ ስሠራው ልጅቷን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቢጫ ቀሚስ አለበስኳት፤ የግንባሩን ሳጥን መለስኩት፤ ገጹ እንዲበቃ የባለሥልጣን መልእክት የሚወጣበትን ገጽ አስቀረሁ። ይህ የመጨረሻው ሳይጨቃጨቅ አልሆነም።

ስለዚህ ያንቺ አንባቢ ማን ነው? የጅማ ልጅ ከሆነ መንገዱን ያውቀዋል። አምስት ገጽ ሙሉ ባጃጅ፣ ጭቃና የአዌቱን ድልድይ ማሳየት ንግሥተ ሳባን ለእናትሽ እንደ አዲስ መተረክ ነው። ከቤት መውጣት አንድ ሳጥን፣ ድልድዩ አንድ ሳጥን፣ የሄርማታ ግርግር አንድ ሰፊ ሳጥን፤ 2ኛና 3ኛ ገጽ ላይ መንገዱ ይለቅ። አያትየዋ ብሩን ለልጅቷ ስትሰጣት ግን አትቸኩዪ። መሐረቡ ሲፈታ፣ ሲቆጠር፣ ሲቋጠር አሳዪ፤ ያ ካልዘገየ ኋላ መጥፋቱ አያምም።

ብሩ የሚጠፋባትን ቅጽበት 8ኛና 9ኛ ገጽ ላይ አድርጊው። 16 ገጽ ማለት ከሁለት በኩል የታተመ 4 ኤ-አራት ወረቀት ታጥፎ ሲሰፋ አይደል? 8 እና 9 መካከለኛው ወረቀት ላይ ስለሆኑ አንድ ሥዕል በሁለቱ ላይ ሳይቆረጥ ይዘረጋል፤ ሌሎቹ ጎን ለጎን ገጾች ከተለያየ ወረቀት ስለሚመጡ መስመሩ ይዛነፋል። እዚያ ላይ የልጅቷን እጅ መሐረቡ ውስጥ ብቻ አሳዪ። ቃል አትጻፊ።

7ኛው ገጽ ደግሞ ከመገለጡ በፊት የሚነበብ የቀኝ ገጽ ነው። እዚህ ላይ አማርኛ ለኮሚክ ሠሪ የሰጠውን ስጦታ ተጠቀሚበት። በእንግሊዝኛ አሉታው ቀድሞ ይመጣል፤ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ አንባቢው እንዳልሆነ ያውቃል። የእኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ነው፣ አሉታውም፣ አድራጊውም፣ ተደራጊውም ግሡ ውስጥ ተደብቀዋል። አያትየዋ «ብሩን ለመሐመድ ሱቅ» ብላ 7ኛው ገጽ ላይ ትቁም፤ ከዝምታው በኋላ፣ 10ኛው ገጽ ላይ «አልሰጠሽውም?» ትበል። ገጽ እስኪገለጥ ድረስ ማንም ምን እንደምትል አያውቅም። ፈረንጆቹ ይህን ለማግኘት ሦስት ነጥብ ይደረድራሉ። አንድ ፊኛ ውስጥ ከአሥር ቃል በላይ አትጻፊ፤ ሥዕሉ ያለውንም አትድገሚ።

የሣልሻቸውን 11 ገጾች አትጣዪአቸው፤ ከመንገዱ ውስጥ ሦስቱ ጥሩ ሳጥኖች ይበቁሻል። ፎቶ ኮፒ አድርጊና ኮፒውን ቁረጪ፣ ዋናውን እንዳትነኪ። እኔ ባለ 12 ገጿን ልጅ ስቆርጥ ዋናውን ነበር የቆረጥኩት።